ለጉድጓድ ውሃ የቱ ማጣሪያ ይሻላል? (ጥቆማ፣ ባሕር ዳር)

ዘንዘልማ ቤት ሠርታ ጉድጓድ ያስቆፈረች እህታችን «የቱን ማጣሪያ ልግዛ?» ላለችው ነው። እህቴ፣ መጀመሪያ ውሃውን አስመርምሪ። ናሙናውን ስትሰጪ «አርሴኒክም ይታይልኝ» በዪ፤ የተለመደው ምርመራ ላያካትተው ይችላል።

አርሴኒክ መርዛማ ንጥረ ነገር ነው፤ ቀለምም ሽታም ጣዕምም የለውም። ከድንጋይና ከአፈር ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል፣ በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ከፍሎራይድ ጋር ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ከዚያ በላይ ያለውን ለዓመታት የጠጣ ሰው መዳፉና ውስጥ እግሩ እየጠጠረ ይሻክራል፣ ቆዳው ይዥጎረጎራል፣ ሲብስ የቆዳ፣ የሳንባና የፊኛ ካንሰር ያመጣል። ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ካለ ደግሞ ጉዳዩ ለነገ አይባልም።

ወደ ገበያው እንግባ። ውሃ አጋር (ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን) ለጀርም ጥሩ ነው፣ አርሴኒክን ግን አያስወግድም። የሸክላ ማጣሪያም ያው ነው፤ አርሴኒኩ ውሃው ውስጥ የሟሟ ስለሆነ አብሮ ሾልኮ ያልፋል። ማፍላትማ ጭራሽ ያባብሰዋል፣ ውሃው ይተንና አርሴኒኩ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። በከሰል ብቻ የሚያጣራውንም ለዚህ አልመክርም።

እኔ የምመርጠው አር ኦ የሚባለውን ነው፣ ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን የሚያሳልፈውን። ችግሩ ብዙ ውሃ ይደፋል፣ ፓምፕ ያለው መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ሽፋኑ በጊዜው ካልተቀየረ ደግሞ ብሩ ባከነ ማለት ነው። ስለዚህ «መለዋወጫው እዚሁ ባሕር ዳር አለ ወይ?» ብለሽ ሳትጠይቂ እንዳትከፍዪ። «ሁሉንም ያጣራል» የሚል ሻጭ ካጋጠመሽ አርሴኒክን ስለማስወገዱ የተጻፈ ማስረጃ ያሳይሽ፤ በቃል ብቻ ከሆነ ጥለሽው ሂጂ። ከተገጠመ በኋላም የወጣውን ውሃ ድጋሚ አስመርምሪ፣ እባክሽ ይቺን አትዝለያት።

ውጤቱ ከ10 በላይ ከሆነ ማሽኑ እስኪመጣ ለመጠጥና ለወጥ የቧንቧ ውሃ ቅጂ። ከንጹሕ ቆርቆሮ ሮቶ ውስጥ የተጠራቀመ የክረምት ዝናብም ይሆናል፣ እዚህ ላይ ውሃ አጋር ጨምሪበት። የጉድጓዱ ለልብስና ለገላ ያገለግላል።

ሩዝ የምታዘወትሩ (ፎገራ ጎረቤታችን ነው መቼም)፣ ሩዝ ከሌላው እህል ይልቅ አርሴኒክ ይስባል። በብዙ ንጹሕ ውሃ ቀቅሉና የተረፈውን ውሃ ድፉት፣ ጥሩ ይቀንሳል።

እዚሁ ከተማ ያስመረመራችሁ የት እንደሆነና ስንት እንደከፈላችሁ ጻፉላት።