የሕክምና ፎስተር ኬር ለ15 ዓመት ልጅ፦ ከመፈረማችን በፊት ምን እንጠይቅ?

ጠያቂ (ሲያትል አካባቢ)

እኔና ባለቤቴ ልጆቻችን አድገው ከቤት ከወጡ በኋላ የፎስተር ወላጅነት (ከወላጆቹ የተለየን ልጅ ለጊዜው በቤት ተቀብሎ የማሳደግ) ፈቃድ አውጥተን፣ እስካሁን ሁለት ሕፃናትን ለአጭር ጊዜ ተቀብለን አሳድገናል። አሁን ፈቃዳችንን የሚከታተለው ድርጅት፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ ያለበትንና በቡድን ማሳደጊያ (ብዙ ልጆች በአንድ ላይ በሠራተኞች የሚጠበቁበት ቤት) መቆየት ያልቻለ የ15 ዓመት ልጅ እንድንቀበል ጠይቆናል። አሠራሩ «በማስረጃ የተደገፈ የሕክምና ፎስተር ኬር» እንደሚባልና ልጁ በየቀኑ ነጥብ እያገኘና እየተቀነሰበት እንደሚኖር ነገሩን። እኛ ልጆቻችንን ያሳደግነው በምክርና አንዳንዴም በቁጣ ነው፤ ልጅን በነጥብ ማሳደግ የሱቅ ሒሳብ መስሎ ይታየናል። ማስረጃ የተባለው ነገር በእርግጥ አለ ወይ? ከተለመደው ፎስተር ኬር የሚለየውስ ምኑ ነው?

ምላሽ 1 (የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ)

በቅድሚያ ስለ ልጁ ከዚህ በላይ ዝርዝር እዚህ ባይጽፉ መልካም ነው።

ማስረጃው አለ፤ ነገር ግን ማስረጃው የተሰበሰበው ስለ አንድ የተወሰነ አሠራር እንጂ «ሕክምና» የሚል ቅጥያ ስላለው ፎስተር ኬር ሁሉ አይደለም። አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1983 በኦሪገን ግዛት ዩጂን ከተማ፣ በኦሪገን ሶሻል ለርኒንግ ሴንተር የጀመሩት ፓትሪሺያ ቻምበርሌንና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ፣ ዛሬ ትሪትመንት ፎስተር ኬር ኦሪገን በሚል ስም ይታወቃል። በ1998 በታተመው ጥናታቸው፣ ተደጋጋሚ ጥፋት የነበረባቸው 79 ወንዶች ልጆች በዕጣ ተለይተው ከፊሎቹ በዚህ አሠራር ወደ ቤተሰብ፣ ከፊሎቹ ወደ ቡድን ማሳደጊያ ተላኩ። በቀጣዩ አንድ ዓመት ውስጥ አዲስ የወንጀል ክስ ያልቀረበባቸው በቤተሰብ ከነበሩት 41 በመቶ ሲሆኑ፣ በማሳደጊያ ከነበሩት ግን 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሴቶች ልጆች ላይ በተደረጉ ሁለት ጥናቶች ደግሞ፣ በድምሩ 166 ልጃገረዶች በሁለት ዓመት ክትትል ሲታዩ፣ ያረገዙት በቤተሰብ ከነበሩት 26.9 በመቶ፣ በማሳደጊያ ከነበሩት 46.9 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል።

ልዩነቱን ያመጣው ፍቅር ብቻ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ለውጡ በምን መንገድ እንደመጣ ሲከታተሉ ያገኙት፣ የቅርብ ክትትል፣ ወጥ የሆነ ሥርዓት ማስያዝ፣ ከአንድ አዋቂ ጋር የሚመሠረት መልካም ግንኙነትና ከአጥፊ እኩዮች መራቅ መሆናቸውን ነው። የመጨረሻው በተለይ ትኩረት ይሻል፤ ቶማስ ዲሺየን፣ ጆአን ማኮርድና ፍራንሷ ፑላን በ1999 እንዳሳዩት፣ ችግር ያለባቸውን ታዳጊዎች በአንድ ላይ ሰብስቦ ለማረም መሞከር አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱን ያባብሰዋል፣ አንዱ ስለ ጥፋቱ ሲያወራ የሌላው ሳቅ ሽልማት ይሆንለታልና። ስለዚህ በዚህ አሠራር እንደ ደንቡ በአንድ ቤት የሚገባው አንድ ልጅ ነው፤ ቆይታውም በአብዛኛው ከ6 እስከ 9 ወር ነው።

ድርጅቱን የሚጠይቁት እንግዲህ ይህንን ነው። በሥራ ቀናት በየቀኑ ደውሎ ልጁ ትናንት ምን እንዳደረገ ከእናንተ የሚመዘግብ ሰው አለ ወይ? የፎስተር ወላጆች በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ ወይ? ሌሊት ብትደውሉ ስልክ የሚያነሳው፣ ጉዳዩን የሚያውቀው የፕሮግራሙ ኃላፊ ነው ወይስ የማያውቃችሁ ተረኛ? ለልጁ የራሱ ቴራፒስት (የሥነ ልቦና ምክር ባለሙያ)፣ ነገ ወደሚመለስበት ቤተሰብ የሚሄድ ደግሞ ሌላ ቴራፒስት ተመድቧል ወይ? እነዚህ ከሌሉ የተሰጣችሁ ከፍ ያለ ክፍያና ከባድ ልጅ እንጂ ሕክምና አይደለም።

ምላሽ 2 (በዚህ አሠራር ልጅ ያሳደጉ እናት)

ነጥቡ እኔንም መጀመሪያ አስቆኝ ነበር፤ በሰዓቱ ተነሥቶ አልጋውን ሲያነጥፍ ነጥብ፣ ከትምህርት ቤት መምህሩ የፈረመበትን ካርድ ሲያመጣ ነጥብ! በኋላ የገባኝ ግን፣ ነጥቡ ከልጁ ይልቅ እኔን የሚያርም መሆኑ ነው። እኛ ልጅ ሲያጠፋ ምክራችን ከእራት እስከ መኝታ ይዘልቃል፤ ጥፋቱን ትተን የአባቱን፣ የአያቱን ስም እናነሣለን። በዚህ ሥርዓት ግን «ለስድቡ ይህን ያህል ነጥብ ቀንሼአለሁ» ብሎ በረጋ ድምፅ መናገርና ወደ ድስት መመለስ ነው፤ ክርክር የለም። መምታት በፎስተር ቤት የተከለከለ መሆኑን እርስዎ ያውቁታል፤ ከባዱ ግን ምላስን መግታት ነው።

ደረጃዎችም አሉ። በመጀመሪያው ልጁ ከአዋቂ ዓይን አይርቅም፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ነፃ ሰዓቱ ይሰፋለታል። ስልክ ወይም መውጣት ሲከለከል ውሳኔውን የምትነግረው የፕሮግራሙ ኃላፊ ስለነበረች፣ ልጁ በእርሷ ተቆጥቶ ከእኔ ጋር ቡና ላይ ይቀመጥ ነበር። ይህ በዘፈቀደ የሆነ አይደለም፤ ሥራው ሆን ተብሎ እንዲህ ተከፋፍሏል።

ምላሽ 3

የኦሪገኑ ውጤት በየአገሩ እንዳለ ይደገማል ብሎ መጠበቅ ግን አይገባም። በእንግሊዝ አገር በዚሁ አሠራር ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ግምገማ፣ በጥቅሉ ሲታይ ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ውጤት አላገኘም፤ የተጠቀሙት የጥፋተኝነት ጠባያቸው የበረታ ልጆች ሲሆኑ፣ እንዲህ ያለ ጠባይ የሌላቸው ግን እንዲያውም በተለመደው እንክብካቤ የተሻሉ ይመስላሉ። ለኀዘንተኛና ለዝምተኛ ልጅ ጥብቅ የነጥብ ሥርዓት ምን እንደሚጠቅም ለእኔ አይታየኝም። ስለዚህ ድርጅቱን ይህ ልጅ ለዚህ አሠራር የተመረጠው በምን ምክንያት እንደሆነ፣ ወይስ ክፍት ቤት የተገኘው የእናንተ ብቻ ስለሆነ እንደሆነ ይጠይቁ።

ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጥያቄዎቹን በጽሑፍ አቅርበን ነበር። የዕለቱ ጥሪና የሳምንቱ ስብሰባ እንዳሉ፣ የሌሊቱን ስልክም ኃላፊዋ ራሷ እንደምታነሣ አረጋግጠውልናል፤ የተመረጠበትንም ምክንያት አስረድተውናል። ወደ እናቱ ቤት የሚሄደው ቴራፒስት ግን ገና አልተቀጠረም። ባለቤቴ ልጁ ከዚህ ወጥቶ የሚመለሰው ወደ እርሷ ከሆነ ያለ እርሷ አንጀምርም ስላለች፣ ቴራፒስቱ እስኪመደብ ፊርማችንን አቆይተናል።