ፋጅ በደም ውስጥ ያለ ባክቴሪያ መድኃኒት መላመዱን እንዴት ያሳያል?

ጥያቄ፦ የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪ
የደም ካልቸር (በደም ናሙና ውስጥ ያለ ባክቴሪያን አሳድጎ የማግኘት ምርመራ) ዕድገት እስኪያሳይ ብዙ ጊዜ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ባክቴሪያው የትኛውን መድኃኒት እንደተላመደ ለማወቅ ደግሞ በተለመደው አሠራር ተጨማሪ ከ16 እስከ 24 ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው። ባክቴሪዮፋጆች (በአጭሩ ፋጆች፣ ባክቴሪያን የሚያጠቁ ቫይረሶች) ይህን ጊዜ እንደሚያሳጥሩ አንብቤአለሁ። ይሁን እንጂ ፋጅ ባክቴሪያውን የሚገድል ከሆነ፣ የተላመደውን ካልተላመደው እንዴት ሊለይልን ይችላል? የመላመድ ዘረመልን በፒሲአር (የተፈለገን ዘረመል አብዝቶ በሚያሳይ ዘዴ) መፈለግ እየተቻለስ ፋጅ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ማይክሮባዮሎጂስት
ፋጅ በራሱ መላመድን አይለይም፤ የሚያሳየው ባክቴሪያው በሕይወት መኖሩን ነው፤ ምክንያቱም የሚባዛው በሕያው ባክቴሪያ ውስጥ፣ የባክቴሪያውን የፕሮቲን መሥሪያ ተጠቅሞ ብቻ ነው። በመሆኑም ናሙናው ለሁለት ተከፍሎ በአንደኛው ላይ መድኃኒት ይጨመራል፤ ፋጁ ግን በሁለቱም ላይ ይጨመራል። ፋጁ መድኃኒት በሌለበት ብቻ ከበዛ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ገትቶታል፤ በሁለቱም ከበዛ ደግሞ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተቋቁሟል ማለት ነው። እንቅፋት የመሰለዎት ግድያ እንዲያውም ጠቃሚው ክፍል ነው፦ አንድ ባክቴሪያ ሲፈነዳ በአሥሮች ወይም በመቶዎች የሚቆጠሩ አዳዲስ ፋጆች ስለሚለቀቁ፣ ምልክቱ ከባክቴሪያው ዕድገት ቀድሞ ይጎላል።

በ2011 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የተፈቀደው ኪይፓዝ የተባለው ምርመራ በዚሁ መንገድ የሚሠራ ሲሆን፣ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ሜቲሲሊን የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት መላመድ አለመላመዱን በ5 ሰዓት ገደማ ያሳውቅ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1993 እ.ኤ.አ. የሉሲፈሬዝ (ብርሃን የሚያመነጭ ኤንዛይም) ዘረመል የተጨመረለት ፋጅ በሕያው የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ውስጥ ብርሃን እንደሚያመነጭ፣ መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ እንደሚደበዝዝ ታይቷል።

ፒሲአርን በተመለከተ፣ ዘረመሉ ኖሮ ሥራ ላይ ላይውል ይችላል፤ በፍለጋው ያልተካተተ ዘረመል ደግሞ ያመልጣል።

መልስ፦ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ
ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ነገር ግን 5 ሰዓቱ የሚቆጠረው ካልቸሩ ዕድገት ካሳየ በኋላ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በታመመ አዋቂ ደም አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ከ10 ያነሱ ባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ የካልቸር ማሽኑ ምልክት የሚሰጠው ቁጥራቸው በሚሊ ሊትር በአሥር ሚሊዮኖች ሲደርስ ነው። ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው ይህ ዕድገት ስለሆነ፣ ፋጅን ከደም በቀጥታ መጠቀም ካልተቻለ ትርፉ ግማሽ ብቻ ነው። በቀጥታ ለመጠቀም ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሳት ብርሃኑን ይውጣሉ፤ ጥቂቶቹን ባክቴሪያዎች ለማግኘትም ብዙ ደም ማጣራት ያስፈልጋል።

ሌላው ችግር የፋጁ መራጭነት ነው። የአንድ ዝርያ ባክቴሪያዎች ሁሉ በአንድ ፋጅ አይጠቁም፤ ስለዚህም የተለያዩ ፋጆች ይደባለቃሉ። መድኃኒት ባልተጨመረበት ናሙና ፋጁ ካልተባዛ ምርመራው ውድቅ መሆን አለበት እንጂ፣ መድኃኒቱ ይሠራል ተብሎ በፍጹም ሊነበብ አይገባም።

ጥያቄ፦ የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪ
እጅግ አመሰግናለሁ። መድኃኒቱና ፋጁ በአንድ ጊዜ ቢጨመሩስ?

መልስ፦ ማይክሮባዮሎጂስት
አይመከርም። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ለመግታት ጊዜ ካላገኘ ፋጁ ቀድሞ ይባዛና ያልተላመደው የተላመደ ይመስላል። መጠኑም ወሳኝ ነው፤ ባክቴሪያውን ለመግደል የማይበቃ ቤታ ላክታም (እንደ ፔኒሲሊን ያለ መድኃኒት) ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ከመከፋፈል አግዶ እንዲረዝም ሲያደርገው፣ አንዳንድ ፋጆች ከወትሮው በላይ ይባዙበታል።