ራፖር ጸሐፊው «ተበድሮኝ» ብሎ የጻፈልኝን ክስ ላስገባው ወይስ ላስቀይረው?

የአዘዞ እህል ነጋዴ

ሰላም ለሁላችሁ። አዘዞ እህል እነግዳለሁ። ፒያሳ አካባቢ ምግብ ቤት ላለው ሰው አምና ጤፍ በዱቤ ሰጠሁት። በጥቅምት 8 ኩንታል፣ በኅዳር 6፣ በታኅሣሥ ደግሞ 6፤ ኩንታሉን በ12,500 ብር ሒሳብ። ጥር ላይ 70,000 ብር በባንክ አስገባልኝና ቀሪውን «እስከ ፋሲካ ታገሰኝ» አለ። ፋሲካም አለፈ፣ አሁን ስልኬን አያነሳም። 180,000 ብር ቀልድ አይደለም፣ ሥራዬ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

የተፈራረምነው ወረቀት የለም። ያለኝ የባንክ ደረሰኝ፣ በቴሌግራም የጻፈልኝ መልእክት፣ ጤፉን ያደረሰው የአይሱዙ ሹፌርና ያራገፉት ልጆች ናቸው። ፍርድ ቤት በር ላይ ካሉት ራፖር ጸሐፊዎች አንዱ ክስ ጻፈልኝ፣ ግን ሳነበው ልቤ አላረፈም። ዋናው ክፍል ይኸው፦

«ተከሳሽ የታወቀ አጭበርባሪ ሲሆን ከእኔ ከከሳሽ በተለያየ ጊዜ ብር 180,000 ተበድሮኝ ክፈለኝ ብለው ፈቃደኛ ስላልሆነ፣ ቤተሰቤም ለችግር ስለተዳረገ፣ የተከበረው ፍርድ ቤት ተገቢውን ፍትሕ እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ።»

ነገ መዝገብ ቤት ላስገባው ነበር። የምታውቁ ሰዎች እስኪ ምን ትላላችሁ?

ቀበሌ 18

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሽማግሌ ላክበት። ጎንደር ላይ አንድ የተከበረ ሰው «ምነው?» ቢለው የሚያፍር ብዙ ነው። እሱ እንቢ ካለ ግን ሁሉንም ነገር ክሱ ላይ ዘርዝረህ ጻፍ፣ ሹፌሩ ምን እንዳየ፣ ልጆቹ ምን እንደሰሙ፣ ስንት ጊዜ እንደደወልክለት፣ አንድም አታስቀር። ዳኛው አንብቦ እንዲያዝንልህ ነው የሚያስፈልገው።

ጠበቃው ከማራኪ

እንዳታስገባው! ጽሑፉ እንዲህ እንዳለ ከገባ እውነት ይዘህ ልትሸነፍ ትችላለህ። ላስረዳህ።

አንተ ጤፍ ሸጥክለት እንጂ ብር አላበደርከውም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ አለዚያም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ በሚሰጠው የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። 500 ብር ሕጉ በ1952 ዓ.ም ሲወጣ ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ ዛሬ ግን ከዚያ በታች ብድር ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም። እና አንተ «ተበድሮኝ» ብለህ ትከሳለህ፣ እሱ «አልተበደርኩም» ብሎ ይመልሳል። አለቀ። ሹፌሩም ልጆቹም በር ላይ ቆመው ይቀራሉ፣ ብድርን በምስክር ማስረዳት አትችልምና። የጤፍ ሽያጭ ግን የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። ዱቤም ቢሆን ሽያጭ ነው፣ ምስክር ይሰማበታል፣ ያንተ ሹፌር ወርቅ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የሆነውን ነገር እንደሆነው ጻፈው።

ራፖር ጸሐፊውን አልወቅሰውም። ብዙ ሰው ቆሞ በሁለት ደቂቃ ነግሮት ይሄዳል፣ እሱም የለመደውን ቃል ይጽፋል። ቁጭ ብለህ፣ ደብተርህን ዘርግተህ፣ ቀን በቀን ንገረው።

ቀበሌ 18 ያለው የሽማግሌ ነገር ደስ ይላል፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ክስ ከተከፈተ በኋላም ይሠራል። ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጋችሁ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 274 እና ተከታዮቹ መሠረት ፍርድ ቤት ካስመዘገባችሁት፣ ባይከፍል እንደ ፍርድ ታስፈጽመዋለህ። ሁሉንም ዘርዝር ያለው ላይ ግን አልስማማም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 80 ክስም ሆነ መልስ ዋና ዋና ፍሬ ነገሮችን በአጭሩ ይያዝ ነው የሚለው። ማስረጃው በክሱ ውስጥ አይተረክም። ሹፌሩ ያየው ነገር ማስረጃ ነው፣ ቦታው በቁጥር 223 መሠረት ከክሱ ጋር የሚያያዘው የማስረጃ ዝርዝር ነው፦ የምስክሩ ሙሉ ስም፣ አድራሻው፣ የሚመሰክርበት ጭብጥ። የባንክ ደረሰኙና የቴሌግራሙ ቅጂም እዚያው ይያያዛሉ። «በኋላ አመጣለሁ» ብለህ እንዳትተወው፣ በኋላ የሚመጣ ማስረጃ በቀላሉ አይገባም።

«አጭበርባሪ» የሚለውን ሰርዘው። አንተን አይጠቅምህም፣ እሱ ግን ስሜን አጠፋ ብሎ ሌላ ነገር ይጀምርበታል።

የክሱ ፍሬ ነገር እንዲህ ቢሆን፣ ቀኑን ከደብተርህ አንተ ሙላ፦

«1. ከሳሽ በጎንደር ከተማ አዘዞ በእህል ንግድ ሥራ የምተዳደር ስሆን ተከሳሽ በዚሁ ከተማ ፒያሳ ምግብ ቤት አለው።

2. ለተከሳሽ በ2017 ዓ.ም ጥቅምት … ቀን 8 ኩንታል፣ ኅዳር … ቀን 6 ኩንታል፣ ታኅሣሥ … ቀን 6 ኩንታል ጤፍ፣ ኩንታሉን በብር 12,500 ሒሳብ በዱቤ ሸጬ በምግብ ቤቱ አስረክቤዋለሁ። ጠቅላላ ዋጋው ብር 250,000 ነው።

3. ተከሳሽ ጥር … ቀን ብር 70,000 ከፍሎ ቀሪውን ብር 180,000 እስከ ፋሲካ እንደሚከፍል ገልጿል።

4. ጊዜው አልፎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ቢደርሰውም አልከፈለም።»

አየህ? አራት አንቀጽ ነው። ማን ለማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ በስንት። ተከሳሹ እያንዳንዷን መስመር ወይ ማመን ወይ መካድ ግድ ይሆንበታል።

«ተገቢውን ፍትሕ» የሚባል ዳኝነት ደግሞ የለም። ዳኛ ያልጠየቅከውን አይሰጥህም። «ብር 180,000፣ ማስጠንቀቂያው ከደረሰው ቀን ጀምሮ ተከፍሎ እስኪያልቅ ከሚታሰብ 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ፣ እንዲሁም ከወጪና ኪሳራ ጋር እንዲከፍለኝ ይወሰንልኝ» ብለህ በቁጥር ጠይቅ። የዳኝነት ክፍያውም የሚሰላው በዚሁ ግምት ነው። ማስጠንቀቂያ ካልሰጠኸው ከመክሰስህ በፊት ስጠው (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772)፣ በሪኮማንዴ (በአደራ ፖስታ) ብትልከው ደረሰኙ ይቀርልሃል።

የአዘዞ እህል ነጋዴ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጠበቃ፣ ብድርና ዱቤ ይህን ያህል ይለያያል ብዬ ጨርሶ አላሰብኩም ነበር። ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። አንደኛ፣ የዳኝነት ክፍያው እንዲቀንስልኝ መጀመሪያ 100,000ውን ብቻ ከስሼ ቀሪውን ሲያምነኝ በሌላ መዝገብ ብጠይቅስ? ሁለተኛ፣ ምግብ ቤቱ በሱ ስም ይሁን በድርጅት ስም አላውቅም። ክሱ ላይ የምግብ ቤቱን ስም ልጻፍ?

ጠበቃው ከማራኪ

መጀመሪያው አይሆንም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 216 ከአንድ ነገር የሚመነጨውን ጥያቄ ሁሉ በአንድ ክስ ጠቅልለህ አቅርብ ይላል። ከፋፍለህ ካቀረብከው የተውከውን 80,000 ተመልሰህ መጠየቅ አትችልም። ክፍያው በእውነት ከአቅምህ በላይ ከሆነ ከቁጥር 467 ጀምሮ በድህነት ለመክሰስ የሚጠየቅበት መንገድ አለ፣ ግን ነጋዴ ነህና ፍርድ ቤቱ አቅምህን በደንብ ያጣራል።

ሁለተኛው በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በር ላይ የተሰቀለው ስም ሰው አይደለም። ከንግድ ጽሕፈት ቤት ፈቃዱ በማን ስም እንደወጣ አጣራ። በግለሰብ ስም ከሆነ ተከሳሹ ግለሰቡ ነው፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ግን ተከሳሹ ማኅበሩ ነው፣ ሥራ አስኪያጁን በግሉ ከሰህ «እኔ አይደለሁም» ካለህ ትክክል ነው። ቁጥር 222 የተከሳሹን ስምና አድራሻ፣ የክሱን ምክንያት፣ ጉዳዩ የት እንደተፈጸመ፣ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን እንዳለው የሚያሳየውን ሁሉ ይጠይቃል፣ ከመግባትህ በፊት አንድ በአንድ አመሳክረው። መጨረሻ ላይ ከፊርማህ በላይ «የቀረበው ክስ በእውነት የቀረበ መሆኑን በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» የምትለዋ መስመር አትቅር።

የቸቸላ ልጅ

ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ፣ የኔ ደግሞ በተቃራኒው ነው። እናቴ ተከሳ መጥሪያ ደርሷታል። አከራይዋ ሴትዮ ዐርፈዋል፣ የከሰሳት ልጃቸው ነው። የ9 ወር ኪራይ፣ ወሩን በ6,000 ሒሳብ 54,000 ብር አልከፈለችም፣ ቤቱንም ትልቀቅ ይላል። እናቴ የ5ቱን ወር ለሟቿ በእጅ ከፍላለች፣ በደብተር ፈርመውላታል። ጣሪያውንም ሴትዮዋ «አሠሪውና ከኪራይ ይታሰብልሻል» ብለዋት በ15,000 ብር አሠርታለች። ጎረቤት «ክሱ ሐሰት ነው፣ ይሰረዝልኝ ብላችሁ አንድ መስመር ጻፉ፣ የቀረውን ዳኛው ፊት በቃል ትናገራለች» አለን። እውነት ነው?

ጠበቃው ከማራኪ

እህቴ፣ የጎረቤታችሁን ምክር አትስሙ። ቁጥር 235 በጥቅሉ መካድን አይቀበልም። በክሱ ላይ የተጻፈን ነገር ለይታ በግልጽ ካልካደች እንዳመነች ይቆጠራል። «ክሱ ሐሰት ነው» የሚለው መስመር 9ኙንም ወር አስረክቦ ሊያስፈርድባት ይችላል።

መልሱን ክሱን ጎን ለጎን አድርገሽ ጻፊው። ከሳሽ ተራ ቁጥር 2 ላይ ያለው እውነት ከሆነ «ታምኗል»፣ ካልሆነ «አልተከፈለም የተባለው የ9 ወር ኪራይ ተክዷል፤ ከመስከረም እስከ ጥር ያለው 30,000 ብር ለሟች ተከፍሎ በፊርማቸው ተረጋግጧል» ማለት ነው፣ ወራቱን ከደብተሩ አስተካክዪ። የቀሩትን 4 ወራት እውነት ካልከፈለች አትካዱ። 24,000 ብሩን አምናችሁ የጣሪያውን 15,000 ተቀናሽ ወይም በተከሳሽ ከሳሽነት (እናትሽ በዚያው መዝገብ ከሳሹን መልሳ በመክሰስ) ጠይቁ። በተከሳሽ ከሳሽነት ከጠየቃችሁ እንደ ክስ የዳኝነት ክፍያ አለው። ለዳኛው ደግሞ የታመነውን አምኖ የተካደውን ለይቶ የካደ ሰው የበለጠ ይታመናል፣ እኔ ሁልጊዜ ለደንበኞቼ የምለምነው ይህንን ነው።

ከዚያ በፊት ግን መልሱ ሲጀምር የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አላችሁ፣ ማለትም ወደ ፍሬ ነገሩ ሳይገባ በፊት የሚነሣ ተቃውሞ። ልጁ የወራሽነት ማስረጃ ወይም ከሌሎቹ ወራሾች ውክልና አያይዟል? መጥሪያው ላይ የተያያዘውን ወረቀት ገልብጣችሁ እዩ። ካላያያዘ «ከሳሽ ይህን ክስ ለማቅረብ የሚያስችል መብት መኖሩን አላሳየም» ብላችሁ በቁጥር 244 መሠረት ተቃወሙ። ይርጋም (የመክሰሻው ጊዜ አልፏል የሚለው)፣ ሌላ ፍርድ ቤት የተያዘ መዝገብም፣ ቀድሞ የተፈረደ ነገርም ካለ ቦታው እዚያው ነው። መቃወሚያ በመጀመሪያው አጋጣሚ ካልተነሣ በአብዛኛው እንደተተወ ይቆጠራል፣ ይርጋን ደግሞ ዳኛው በራሱ አያነሣላችሁም። መቃወሚያው ይበቃናል ብላችሁ ግን ፍሬ ነገሩን ሳትመልሱ እንዳትቀሩ፣ ውድቅ ቢደረግ እጃችሁ ባዶ ይሆናል። «መቃወሚያው ቢታለፍ» ብላችሁ ሁለቱንም በአንድ መልስ ጻፉ።

ቀኑን አስተውሉ። መልስ በተቀጠረው ቀን ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለችበት ሊታይ ይችላል። ከዚያ በኋላ በቁጥር 78 በአንድ ወር ውስጥ ይነሣልኝ ማለት ይቻላል፣ ግን በቂ ምክንያት ማስረዳት አለባት። ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ካልፈቀደ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፣ መጥሪያውንና ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ።

ቀበሌ 18

ማስረጃን ከክስ ለይቶ ማያያዝ የሚለውን አሁን ገባኝ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፣ ክሱ ከገባ በኋላ የተረሳ ነገር ቢኖር ማስተካከል አይቻልም ማለት ነው?

ጠበቃው ከማራኪ

ይቻላል፣ ቁጥር 91 ፍርድ ሳይሰጥ በፊት ክስም መልስም እንዲሻሻል ፍርድ ቤቱ ሊፈቅድ ይችላል ይላል። ግን መብት ብቻ አድርገህ አትቁጠረው። ተቃራኒው ወገን ይቃወማል፣ ቀጠሮ ይረዝማል፣ ኪሳራም ሊቆረጥብህ ይችላል። ለዛ ነው ነጋዴው ነገ ሳያስገባ በፊት ያስተካክለው ያልኩት።

የአዘዞ እህል ነጋዴ

ነገ መዝገብ ቤት አልሄድም። መጀመሪያ ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ፖስታ ቤት። ሹፌሩ አሁን መተማ ነው የሚሠራው፣ የምስክር አድራሻ ላይ የመተማውን ልጻፍ ወይስ ቤተሰቡ ያለበትን ቀበሌ?

ጠበቃው ከማራኪ

መጥሪያ የሚደርሰው የሚገኝበት ቦታ ነው፣ የመተማውን ጻፍ፣ ስልኩንም ጨምርበት። ሹፌሩን አሁኑኑ ደውለህ ቀኖቹን ያስታውስ እንደሆነ ጠይቀው፣ ያንተ ደብተርና የሱ ትዝታ ካልተገናኙ ክሱ ከመታተሙ በፊት ማወቅ አለብህ።