ጥቆማ፦ ፍቅረኛ ላላችሁ ወጣት ጌይ ወንዶች፣ ዲሲና አካባቢው ኤችአይቪ የት መመርመር ይሻላል?

ይህ ጥቆማ ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ለምትኖሩ ወጣት ጌይ ወንድሞቼ ነው። በተለይ «እኔ ፍቅረኛ ስላለኝ አያሰጋኝም» ለምትሉ።

በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ አባባል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የቺካጎ ጥናት ከ16 እስከ 20 ዓመት የሆኑ 122 ወጣቶችን ተከታትሏል። የምር ፍቅረኛዬ ነው ካሉት ሰው ጋር ያለ ኮንዶም የሚገናኙበት መጠን፣ እንዲሁ ለጊዜው ከሚያገኙት ሰው ጋር ሲነጻጸር ወደ 8 እጥፍ ይጠጋል። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በ5 የአሜሪካ ከተሞች የተሠራ ግምት ደግሞ በወንዶች መካከል ከሚተላለፈው ኤችአይቪ 68 በመቶው ከቋሚ ፍቅረኛ የሚመጣ ነው ይላል። «አታምነኝም እንዴ?» ከተባለ በኋላ ኮንዶም ማንሳት ይከብዳላ። እኛ ሐበሾች ጋ ደግሞ ይብሳል። ቤተሰብ አያውቅም፣ ጓደኛ አይማከርም፣ ምስጢሩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። በዕድሜ ከበለጠ ወይም የቤት ኪራዩን የሚከፍለው እሱ ከሆነ «እንመርመር» ማለት ራሱ ያስፈራል።

ስለዚህ ክሊኒክ ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን፦ «ሁለታችንም አብረን ተመርምረን ውጤቱን አብረን መስማት እንችላለን?» ይህ አሠራር የተጀመረው ኪጋሊ (ሩዋንዳ) እና ሉሳካ (ዛምቢያ) ውስጥ፣ ለባልና ሚስት ነው። በኋላ አሜሪካ ውስጥ ለወንድ ጥንዶች እንዲሆን ተደረገ። አማካሪው ከምርመራው በፊት «አንዳችሁ ፖዘቲቭ፣ አንዳችሁ ነጌቲቭ ብትሆኑስ?» ይላችኋል። ከሌላ ሰው ጋር ስለመተኛት ምን እንደተስማማችሁም ይጠይቃል። ቤት ውስጥ ለወራት የተሸሸው ወሬ እዚያ ይነሳል። ጠያቂው ሌላ ሰው ስለሆነ አንዱ ሌላውን የጠረጠረ አይመስልም።

ለረጅም ጊዜ ክትትል የእኔ ምርጫ 14ኛው መንገድ ላይ ያለው ዊትማን ዎከር ነው። ከ1978 ጀምሮ ያለ ነው። ምርመራው፣ ፕሬፑ (ኤችአይቪ እንዳይዝ አስቀድሞ የሚወሰደው መድኃኒት)፣ ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ምክሩ፣ የኢንሹራንስ እገዛው እዚያው ነው።

ግን እስከ 26 ዓመታችሁ በአባት ወይም በእናት ኢንሹራንስ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከታከማችሁ በኋላ ኢንሹራንሱ የተሰጣችሁን አገልግሎት የሚዘረዝር ወረቀት ወደ ቤት ይልካል። ፖስታው ላይ የአባታችሁ ስም አለ፤ የሚከፍተውም እሱ ነው። ወደ ሌላ አድራሻ እንዲላክ ኢንሹራንሱን መጠየቅ ይቻላል። ለምርመራ ብቻ ከሆነ ግን ሰሜን ምሥራቅ ፒ ስትሪት ላይ ያለው የከተማው ዲሲ ሄልዝ ኤንድ ዌልነስ ሴንተር ይሻላል። ነጻ ነው፣ ኢንሹራንስ አያስፈልግም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላላችሁ የካውንቲው ዴኒስ አቬኑ ጤና ጣቢያ ቅርብ ነው። ከጥቁር ወንድሞች ጋር በግልጽ ማውራት ለሚፈልግ ደግሞ ከ1985 ጀምሮ የሚሠራውን አስ ሄልፒንግ አስ የተባለውን የዲሲ ድርጅት እጠቁማለሁ።

አስተርጓሚ ያስፈለገው ሰው በዲሲ የ2004 ሕግ መሠረት በከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ የመስተናገድ መብት አለው። «አስተርጓሚው የሚያውቀኝ ሐበሻ ቢሆንስ?» የሚለው ስጋት ይገባኛል። በስልክ የሚያስተረጉም ሰው እንዲሰጣችሁ ጠይቁ።

ፋርማሲ የሚሸጠው ኦራኩዊክ (ቤት ውስጥ ራስን በምራቅ መመርመሪያው) ጥሩ ነው፤ ድድን ከላይም ከታችም አንዴ ጠረግ፣ ቱቦው ውስጥ መክተት፣ 20 ደቂቃ መጠበቅ። ሆኖም አዲስ የተያዘ ሰው ላይ እስከ 3 ወር ድረስ ላያሳይ ይችላል። ከተዋወቃችሁ 3 ወር ሳይሞላ ሁለታችሁም ነጌቲቭ አየን ብላችሁ ኮንዶም አትጣሉ። ከደም ሥር የሚወሰደው የላብራቶሪ ምርመራ ቶሎ ያገኘዋል።

ፕሬፕ ለመጀመር የፍቅረኛ ፈቃድ አያስፈልግም። ኮንዶም ማለት ለሚከብደው ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አለ፣ በ2 ወር አንዴ የሚሰጥ መርፌ አለ፣ ከ2025 ወዲህ በ6 ወር አንዴ የሚሰጥም አለ። ክኒን ቤት ውስጥ መደበቅ ለማይችል መርፌው ይሻላል። ቂጥኝ፣ ጨብጥና ክላሚዲያን ግን ፕሬፕ አይከላከልም። ስለዚህ በሽንት ብቻ አትመለሱ፤ ከጉሮሮና ከፊንጢጣም ናሙና እንዲወሰድ ጠይቁ።

አንዳችሁ ፖዘቲቭ ከሆናችሁ መለያየት የለባችሁም። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በወሲብ አያስተላልፍም።

የሚመታችሁ ወይም ሳትፈልጉ የሚያስገድዳችሁ ካለ አብራችሁት አትመርመሩ። ብቻችሁን ሂዱና ለነርሷ ንገሯት።

ኮንዶም ከተቀደደ ወይም ከተገደዳችሁ ፔፕ (ከተጋለጡ በኋላ ኤችአይቪ እንዳይዝ የሚወሰደው መድኃኒት) በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይመረጣል። ለ28 ቀን ይወሰዳል። ክሊኒኩ ተዘግቶ ከሆነ እስከ ሰኞ አትጠብቁ፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።