ከላብ ወደ ክሊኒካል ምርምር መሻገር፦ ፖስትዶክ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፒኤችዲዬ ፓራሲቶሎጂ (የጥገኛ ተውሳኮች ጥናት) ነው፣ አሁን እዚሁ ሐዋሳ እያስተማርኩ ነው። ስራዬ በሙሉ ቢልሃርዚያ ላይ ነበር፣ ሐይቁ ዳር አሳ አጥማጆቹንና ልጆቹን እንደሚይዝ ታውቃላችሁ። ግን የትሉን እንቁላል ቆጥሮ ፔፐር ማሳተም አልበቃኝም፣ ያገኘነው ነገር ታማሚው ጋ የሚደርስበትን መንገድ መማር ነው የምፈልገው፣ ክሊኒካልና ትራንስሌሽናል ሳይንስ የሚሉትን። ለፖስትዶክ፣ ማለትም ከፒኤችዲ በኋላ ላለው የምርምር ስልጠና፣ የግድ ውጪ መሄድ አለብኝ? ሀኪም ስላልሆንኩስ ይቀበሉኛል? ጓደኛዬ ቲ32 የሚባለውን የአሜሪካ የምርምር ስልጠና ግራንት ሞክሪ ብላኛለች፣ ግን ትንሽ ልጅ አለኝ፣ ብዙ መራቅ አልችልም።

የታቦር ልጅ፦
እህቴ ቲ32ን ተይው፣ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ብቻ ነው የሚይዙት። ኬ99 የሚባለው ሌላው የአሜሪካ ግራንት ዜግነት አይጠይቅም፣ ግን እሱም እዛው ፖስትዶክ ላይ ላለ ሰው ነው። ላንቺ የሚቀርበው ኢዲሲቲፒ ነው፣ አውሮፓና አፍሪካ አብረው የሚያስኬዱት የክሊኒካል ምርምር ድጋፍ ፕሮግራም፣ አፍሪካ ውስጥ ሆነሽ የምትሰሪበት ፌሎሺፕ ያወጣል፣ ጥሪው ሁሌ ስለማይከፈት ተከታተይ። ሀኪም አለመሆንሽ ምንም አይደለም፣ ፋርማሲስቱም ስታቲስቲሺያኑም የሚሰሩበት ዘርፍ ነው።

ትራያል ላይ የቆየሁ (አዲስ አበባ)፦
ዶክተርዬ፣ የምታጠኚው በሽታ ራሱ ጥሩ አስተማሪ ነው። የቢልሃርዚያው ፕራዚኳንቴል ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ፣ የሚሰራ መድኃኒት ነው፣ ግን 600 ሚሊግራም ያለውን ትልቅ መራራ ክኒን የሁለት ዓመት ህፃን እንዴት ይውጠው? መድኃኒቱ እያለ ትንንሾቹ ሳይታከሙ ስንት ዓመት ቆዩ። በኋላ መድኃኒቱ ውስጥ ተቀላቅለው ካሉት ሁለት የመስታወት ምስል ሞለኪውሎች የሚሰራውን ለይተው (ምሬቱ ይበልጥ ከሌላኛው ነበር) ውሃ ውስጥ የሚሟሟ 150 ሚሊግራም አርፕራዚኳንቴል አወጡ፣ ኬንያና ኮትዲቯር ላይ ህፃናት ላይ ተሞከረ፣ የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲም በ2023 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ደገፈው። ትራንስሌሽናል ማለት ይሄ ነው፣ ስለዚህ ፖስትዶክ ስትመርጪ ሌላ የላብ ቴክኒክ የሚያስተምርሽን ሳይሆን አንድ ፕሮቶኮል (የጥናት እቅድ) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያሰራሽን ፈልጊ። የዩኒቨርሲቲው አይአርቢ (የጥናት ሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ)፣ የሀገር አቀፉ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ፣ መድኃኒት ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ፈቃድ፣ የመጀመሪያው ሰው ሳይገባ የፓን አፍሪካ ክሊኒካል ትራያል (በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ሙከራ) መዝገብ ላይ ማስመዝገብ። ይሄን ሁሉ በእጅሽ ካላለፍሽበት ሰርተፍኬት ብቻ ነው የሚተርፍሽ። አዲስ አበባ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ማዕከል ሲዲቲ አፍሪካ አሉ፣ ዳታሽን ሐዋሳ ሰብስበሽ እነሱ ጋ እየተመላለስሽ መስራት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ሜንተርም ሁለት ያዢ፣ አንድ ታማሚ የሚያይ ሀኪም፣ አንድ ስታቲስቲሺያን፣ ስታቲስቲሺያኑ ደግሞ ዳታው ካለቀ በኋላ ሳይሆን የናሙና ቁጥር ሲወሰን ጀምሮ ይኑር፣ እባክሽ።

ነርስ ከአዳማ፦
እኔ ከተመራማሪዎች ጋ ዳታ ሰብስቤ አውቃለሁ። የስምምነት ቅጹ ስድስት ገጽ ነበር፣ አንድ እናት አንብቤላት ስጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፣ "ደሙን ወዴት ነው የምትወስዱት?" ቅጹ ውስጥ መልሱ አለ፣ ግን አራተኛው ገጽ ላይ ተቀብሮ። ስለዚህ ፕሮቶኮል ከመጻፍሽ በፊት ተመላላሽ ክፍል ቁጭ ብለሽ ሰው ምን እንደሚጠይቅ ስሚ፣ እናንተ ጋ ደግሞ ቅጹ በሲዳምኛም መዘጋጀት አለበት፣ ተተርጉሞ ብቻ ሳይሆን ለእናቶች ተነቦ ተሞክሮ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ትራያል ላይ የቆዩት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ በሴሚስተር ሦስት ኮርስ ነው የማስተምረው፣ ከማስተማሩ ጋ ይሄዳል ይላሉ?

ትራያል ላይ የቆየሁ (አዲስ አበባ)፦
በሦስት ኮርስ አይሄድም ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። አሜሪካኖቹ ኬ የሚባሉት የስልጠና ግራንቶች ላይ ብዙ ጊዜ 75 በመቶ ጊዜሽ ለምርምር ይሁን የሚሉት ዝም ብለው አይደለም። ዲፓርትመንትሽ ኮርስ እንደሚቀንስልሽ በደብዳቤ ይጻፍልሽ፣ በቃል "እናያለን" ካሉሽ ሴሚስተሩ ሲጀምር ይረሳል፣ ደብዳቤውን ለማመልከቻሽም ትፈልጊዋለሽ። እስከዛ ጂሲፒ የሚባለውን የክሊኒካል ትራያል ስልጠና ኦንላይን በነፃ ውሰጂ፣ ማታ ልጅሽ ሲተኛ ትጨርሺዋለሽ።