ሂተሩ ሚኒሞ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ዳገት ላይ ጌጁ ይወጣል፦ ከየትኛው ዕቃ ልጀምር?

ባለ ኮሮላው

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው እ.ኤ.አ. የ1990 ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ 1.6 ሞተር፣ ባለ ካርቡራተር፣ ማርሹ በእጅ።

ሜዳ ላይ የሙቀት ጌጁ ከመሃል በታች ይቆያል። ረጅም ዳገት ላይ ወደ ቀዩ ይጠጋና ቁልቁለት ሲጀምር ይመለሳል። ሂተሩ መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ቀዝቃዛ ነፋስ ያወጣል፤ ነዳጅ ሲሰጠው ትንሽ ይሞቃል። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ሻይ መስሏል፤ ለዓመታት የተሞላው የቧንቧ ውሃ ብቻ ነው። በሳምንት ግማሽ ሊትር ያህል ይጎድላል፣ ከሥር ግን ጠብታ አይታይም።

ራዲያተር፣ ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ የሚከፈተው ቫልቭ)፣ የውሃ ፓምፕ፣ የውሃ ጎማዎቹንና የሂተሩን ራዲያተር በአንዴ ገዝቼ ቤት ልቀይር አስቤአለሁ። በየትኛው ልጀምር? ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ይሻላል የሚሉም አሉ፤ እውነት ነው?

ካቻቢቴ

ወንድሜ፣ ገና ምንም አትግዛ። ውሃ እየጎደለ ጠብታ ካልታየ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የቴስታታ ጋስኬት ነው፤ በሞተሩ አናት (ቴስታታ) እና በታችኛው አካል (ብሎክ) መካከል ያለው ማሸጊያ። እሱ ከሄደ አዲስ ራዲያተርም አዲስ ፓምፕም አያድንህም።

ጠዋት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት፣ ውሃውን እስከ አንገቱ ሙላና ክዳኑን ሳትመልስ አስነሳ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች የሚወጣ ጥቂት አረፋ የታፈነ አየር ነው፣ ያልቃል። ሳያቋርጥ የሚመጣ፣ ነዳጅ ስትሰጠውም የሚብስ አረፋ ከሆነ ግን የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ ክዳኑን ዘግተህ አስነሳና የራዲያተሩን የላይኛውን የውሃ ጎማ ጨብጠው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ድንጋይ ከሆነ ጋዝ ነው፤ ገና ያልሞቀ ውሃ ያን ያህል ግፊት ሊፈጥር አይችልም። ጥርጣሬ ከቀረህ በራዲያተሩ አንገት ላይ የሚደረግ የጋዝ መመርመሪያ ፈሳሽ አለ፤ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ከተለወጠ ነገሩ አለቀ።

ጋስኬቱ ደህና ከሆነ ወደ ክዳኑ ሂድ። ሰው የሚንቀው ዕቃ ነው፣ ግን ግማሹ ሥራ የእሱ ነው። በዚያ ዘመን በብዙ ቶዮታዎች ላይ 0.9 ይላል፤ የሚይዘው ግፊት ነው፣ በባር ገደማ። በባሕር ወለል ከፍታ፣ በዚያ ግፊት ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ118 ዲግሪ ገደማ ነው። ላስቲኩ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ዳገት ላይ ውሃው ቀድሞ ይፈላል፣ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፣ መሬት ላይ ጠብታ አታይም። ያንተ ግማሽ ሊትር እዚህ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ መሃል ያለችው ትንሽ ቫልቭ ከተጣበቀች ደግሞ ሞተሩ ሲበርድ የላይኛው ጎማ ተጨፍልቆ ታገኘዋለህ።

ለሂተሩ ሞተሩን አሙቀህ፣ ማስተካከያውን ሙቅ ላይ አድርገህ፣ በሞተሩና በካቢኑ መካከል ባለው ግድግዳ በኩል የሚገቡትን ሁለት ጎማዎች ዳስስ። ሁለቱም እጅ የሚያቃጥሉ ሆነው ነፋሱ ከቀዘቀዘ ችግሩ ካቢኑ ውስጥ ያለው የነፋስ መዝጊያ ወይም ገመዱ ነው፤ ውሃው በትክክል እየዞረ ነው። አንዱ ሙቅ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ የሂተሩ ራዲያተር ተደፍኗል፣ ወይም ባለ ገመዱ የሂተር ቫልቭ አይከፈትም። ሁለቱም ለብ ካሉ ውሃ ጎድሏል፣ አየር ታፍኗል ወይም ቴርሞስታቱ አይዘጋም።

ፋኑን በኋላ ታየዋለህ። የፋን ችግር የሚታየው ቆመህ ወይም ስትንቀራፈፍ ነው። ዳገት ላይ፣ መኪናው እየሄደ የሚመጣ ሙቀት ውሃው በራዲያተሩ ውስጥ እንደ ልቡ አይሄድም ማለት ነው። ለማረጋገጥ ያህል፣ በዚያ ዘመን በብዙ ቶዮታዎች ላይ ቁልፉ ኦን ሆኖ የፋኑን የሙቀት ስዊች ሶኬት ስትነቅል ፋኑ መዞር አለበት።

ሦስት ቁልፍ

ካቻቢቴ ባለው እስማማለሁ፤ እኔ ቴርሞስታቱ ላይ ልቆይ፣ ብዙ ሞተር የሚጎዳው በዚህ ምክር ነውና።

አውጥተህ አትጣለው። በአንተ ሞተር ቴርሞስታቱ የተቀመጠው የታችኛው ጎማ ወደ ሞተሩ በሚገባበት ቤት ውስጥ ነው፣ ሥራውም ሁለት ነው። ሲከፈት የራዲያተሩን መንገድ ይከፍታል፤ በዚያው እንቅስቃሴ ከኋላው ያለችው ትንሽ ሳህን የአቋራጩን መንገድ ትዘጋለች። ቴርሞስታቱ ከሌለ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ስለዚህ የውሃው ከፊል ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሜዳ ላይ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ይቀዘቅዛል፣ ሂተሩ ይደክማል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ ያለው እርጥበት አይተንም። ዳገት ላይ ደግሞ ሙቀቱ ጭራሽ ይብሳል። የጻፍከው ምልክት ይህንኑ ስለሚመስል፣ ቀድሞ የወጣ እንዳይሆን ቤቱን ከፍተህ እይ።

ብዙዎች የላይኛውን ጎማ ዳስስ ይላሉ። ቴርሞስታቱ መውጫ ላይ ባለበት ሞተር ይሠራል። በዚህ ሞተር ግን የላይኛው ጎማ በቀጥታ ከቴስታታው ስለሚመጣ ቴርሞስታቱ ተዘግቶም ይሞቃል። የሚነግርህ የታችኛው ነው፦ ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ እስኪደርስ ቀዝቃዛ መቆየት አለበት። ከተነሣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ ለብ ካለ ቴርሞስታቱ ክፍት ቀርቷል ወይም የለም።

ስትገዛ ዲግሪው 82 የሚል ይሁን። አዲሱንም ሳትሞክር አትግጠም። ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለው፣ የድስቱን ግድግዳ እንዳይነካ፣ ቴርሞሜትር አስገባና ውሃውን ቀስ እያልክ አሙቅ። ከ80 እስከ 84 ባለው መከፈት ይጀምራል፤ 95 ላይ 8 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይከፈታል። ከፍታ ላይ ሆነህ ስትሞክር ግን ተጠንቀቅ፦ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ 95ን አታገኘውም። እዚያ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ብለህ ደህናውን አትጣል፤ በትክክለኛው ዲግሪ መጀመሩና ሲበርድ መዝጋቱ ይበቃል።

አገጣጠሙ ቀላል ነው። ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ፣ የምትንቀጠቀጠዋ ትንሽ የአየር ፒን ወደ ላይ። ፒኗ ወደ ታች ከዞረች አየር ይታፈንና ቴርሞስታቱ ሙቅ ውሃ ሳይነካው ይዘገያል፤ ሞተሩ በመጀመሪያው ጉዞ ያቃጥላል። ክብ ላስቲኩ የቴርሞስታቱን ጠርዝ አቅፎ ይገባል፣ ሲሊኮን አያስፈልገውም። አሮጌው ጋስኬት የተጣበቀበትን ፊት በፕላስቲክ ፋቅ፤ የብረት ካቻቢቴ (መፍቻ) አልሙኒየሙን ይጭረዋል፣ በጭረቱም ውሃ ያልፋል። ብሎኖቹን እያፈራረቅህ አጥብቅ። ትንንሽ ስለሆኑ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ይበቃቸዋል፤ በረጅም ቁልፍ ከተጫንካቸው አልሙኒየም ውስጥ ተሰብረው ይቀራሉ፣ እሱን ማውጣት ደግሞ ሙሉ ቀን ይበላል።

ራዲያተር አጣቢ

ያ ሻይ የመሰለ ውሃ ዝገት ነው። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አልሙኒየም ስለሆነ ተራ ውሃ አንዱን ያዝጋል ሌላውን ይበላል። ሳይታጠብ አዲስ ዕቃ ከገጠምክ ዝገቱ አዲሱን ይደፍነዋል፤ ስለዚህ እጥበቱ ከማንኛውም ግዢ ይቅደም።

ሞተሩ በርዶ፣ ሂተሩ ሙቅ ላይ ሆኖ፣ ራዲያተሩን ከሥር ክፈት። የፕላስቲክ መክፈቻው ካረጀ በፒንሳ አትታገለው፣ ይሰበራል፤ የታችኛውን ጎማ መንቀል ይሻላል። ብሎኩ ላይም የውሃ ማውጫ ብሎን አለ፤ እሱ ካልተከፈተ ሲሶው ያህል ቆሻሻ ውሃ እዚያው ይቀራል። ንጹሕ ውሃ እየሞላህ፣ ሞተሩን እያሞቅህ፣ እያበረድህ፣ እያፈሰስህ፣ የሚወጣው ነጭ እስኪሆን ድገመው። ዝገቱ ከባድ ከሆነ ሲትሪክ አሲድ በሊትር ከ25 እስከ 50 ግራም በጥብጠህ ግማሽ ሰዓት በሚኒሞ አሠራውና አፍስስ፤ ከዚያ ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ እጠብ። አሲዱ ውስጥ እንዲያድር አትተወው፣ አልሙኒየሙን ይነካል። አንድ ነገር ቀድመህ እወቅ፦ ዝገት ደፍኖት የነበረ ቀዳዳ ከእጥበቱ በኋላ ማፍሰስ ሊጀምር ይችላል። ቀዳዳው ቀድሞም ነበር፣ አሁን ታየ እንጂ።

የሂተሩን ራዲያተር ለብቻው እጠበው። ሁለቱን ጎማዎች ከግድግዳው በኩል ንቀልና ውሃው በተለመደው ከሚወጣበት በኩል ወደ ኋላ አስገባ። የቧንቧውን ሙሉ ግፊት አትልቀቅበት፤ የቆየ የሂተር ራዲያተር ተቀድዶ ምንጣፉ ላይ ያፈስሳል። አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ አቅጣጫ ከ10 ደቂቃ በላይ ታገሥ፣ ቡና ቡና የሚመስለው ቆሻሻ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። ጎማው ከቧንቧው አልላቀቅ ካለ አትጠምዝዘው። የምትቀይረው ጎማ ከሆነ በምላጭ በቁመቱ ሰንጥቀህ አውጣው፤ ቧንቧው ቀጭን መዳብ ነው፣ ከተጣመመ ዳሽቦርድ ማውረድ ሊኖርብህ ነው።

ፍሳሽ የሚደፍን ዱቄት በጭራሽ እንዳትጨምር። ቀዳዳውን ከመድፈኑ በፊት ጠባቡን የሂተር ቧንቧ ይደፍናል።

ባለ ኮሮላው

እግዜር ይስጥልኝ። የተባለውን ሞከርኩ። አረፋው በሁለት ደቂቃ ቆመ፣ ጎማውም በቀዝቃዛው አልጠነከረም። የክዳኑ ላስቲክ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል። የታችኛው ጎማ ከተነሣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ለብ አለ፤ ቤቱን ስከፍት ቴርሞስታት የለም። ከሂተሩ ጎማዎች አንዱ ሙቅ ነው፣ ሌላው ለብ ያለ። አሁን ራዲያተሩን ልግዛ ወይስ ይቆይ?

ካቻቢቴ

መልሱን ራሱ ራዲያተሩ ይነግርሃል። ክዳን፣ ቴርሞስታት ከነላስቲኩ፣ እጥበት፤ እነዚህን ጨርስ። ከዚያ ሞተሩን በደንብ አሙቀህ አጥፋ፣ ፋኑ በራሱ እንዳይነሣ የፋኑን ሞተር ሶኬት (የሙቀት ስዊቹን ሳይሆን) ንቀል፣ የራዲያተሩን ፊት ከዳር እስከ ዳር በእጅህ ዳስስ። ሙቀቱ ከመግቢያው ወደ መውጫው ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት። መሃል ላይ ድንገት ቀዝቃዛ ቦታ ካገኘህ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተደፍነዋል። ራዲያተሩ ሙሉ መዳብ ከሆነ የላይና የታች ጋኖቹ ተነቅለው ቱቦዎቹ ሊጠረጉ ይችላሉ። ፕላስቲክ ጋን ያለው ከሆነ ይቀየር፤ የቆየ ፕላስቲክ ከተከፈተ በኋላ ዳግመኛ አይገጥምም።

ፓምፑን አትንካው፣ ሁለት ነገር ካላየህ በቀር፦ ከዘንጉ ሥር ካለችው ትንሽ የማንጠብጠቢያ ቀዳዳ የደረቀ የዝገት መስመር፣ ወይም ቺንጋው (ቀበቶው) ተፈትቶ ፑሌውን (ቺንጋው የሚዞርበትን መዘውር) ስታወዛውዘው መላወስ። ካወረድከው ብሎኖቹ ርዝመታቸው ስለሚለያይ ካርቶን ላይ የፓምፑን ቅርጽ ሥለህ በየቦታቸው ሰካቸው። ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ ከሥሩ ያለውን ይሰነጥቃል።

ጎማዎቹን ግን ሁሉንም ቀይር፣ ዕድሜያቸው አልፏል። የታችኛው ጎማ ውስጥ የሽቦ ስፕሪንግ ካገኘህ ወደ አዲሱ አዛውረው፤ ያለ እሱ ፓምፑ በከፍተኛ ዙር ሲስብ ጎማው ይጣበቅና ፍጥነት ላይ ብቻ የሚመጣ፣ ቆመህ ስታየው የሚጠፋ ሙቀት ያስከትላል። ማሰሪያው ከቧንቧው እብጠት ኋላ ይቀመጥ እንጂ እብጠቱ ላይ አይሁን። ባለ ብሎን ማሰሪያ ከሆነ ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ፣ ሲበርድ፣ እንደገና አጥብቀው።

ራዲያተር አጣቢ

አሞላሉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሞተሩና ራዲያተሩ የሚይዙት ውሃ ከ5 እስከ 6 ሊትር ነው፣ ነገር ግን ከእጥበቱ የቀረ ውሃ ውስጥ አለ። ስለዚህ ያልተበረዘ ኩላንት (ዝገት የሚከላከል የራዲያተር ፈሳሽ) 3 ሊትር መጀመሪያ አስገባ፣ የቀረውን በተጣራ ውሃ ሙላ፤ ግማሽ በግማሽ የሚሆነው እንዲህ ነው። ቀድመህ ብትበጠብጠው የቀረው ውሃ ያቀጥነዋል። ቀለሙን አትመን፣ ሁለት አረንጓዴዎች የተለያየ ቅመም ሊሆኑ ይችላሉ፤ ጣሳው ላይ ያለውን አንብብ፣ በሚለው ዓመትም ቀይር። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ ግን መርዝ ነው፤ የፈሰሰውን ሳታጥብ አትሂድ፣ ልጆችና እንስሳት ይልሱታል።

የመኪናውን ፊት በክሪክ ከፍ አድርገህ፣ መደገፊያ አስገብተህ፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርገህ፣ ቀስ ብለህ ሙላ። ክዳኑ ክፍት ሆኖ አስነሳና የላይኛውን ጎማ በወፍራም ጨርቅ ይዘህ እየጨመቅህ አየሩን አስወጣ። ደረጃው በወረደ ቁጥር ጨምር። የታችኛው ጎማ ድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፈተ ማለት ነው፤ ያኔ አንዴ ይወርዳል፣ ሙላና አዲሱን ክዳን ዝጋ። ሪዘርቨሩን (የትርፍ ውሃ ማጠራቀሚያውን) በሁለቱ መስመሮች መሃል አድርስ። ማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ክፈትና እንደገና እይ፤ ሌሊት ሲበርድ ከሪዘርቨሩ ስቦ ሊሆን ይችላል። ይህን ሦስት ጠዋት ድገም።

ሦስት ቁልፍ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቴርሞስታት ሲገባ ጌጁ ከለመድከው ከፍ ብሎ መሃል አካባቢ ይቆማል። ያ ትክክለኛ ቦታው ነው፣ ደንግጠህ መልሰህ እንዳታወጣው። ዳገት ላይ ወደ ቀዩ ከሄደ ግን ሂተሩን እስከ መጨረሻው ክፈት፣ ነዳጅ ቀንስ፣ ዳር ያዝ። ሞተሩ እየነደደ ክዳን አትክፈት፣ ቀዝቃዛ ውሃም አታፍስስበት፤ አልሙኒየም ቴስታታ ይጣመማል፣ የዚህ ሞተር ቴስታታ መጣመም የሚፈቀድለት ደግሞ 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው።