ሳይበር ሴኩሪቲ ጀምሬ መንገዱ ጠፍቶብኛል፣ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ወንድሞችና እህቶች። በአካውንቲንግ ተመርቄ በሙያዬ እየሠራሁ ነው። ላለፉት 5 ወራት ማታ ማታ ሳይበር ሴኩሪቲ ለብቻዬ እማራለሁ። ላፕቶፔ 4 ጊጋ ራም ብቻ ስላለው ካሊ ሊኑክስን (ለደህንነት ሙከራ የተዘጋጀ ኦፕሬቲንግ ሲስተም) በቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስኬድ ፕሮግራም) ስከፍት ማውሱ እንኳ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ብቻ ወደሚፈልገው የኦቨርዘዋየር ባንዲት ልምምድ፣ ማለትም የይለፍ ቃል እየፈለጉ ከደረጃ ወደ ደረጃ ወደሚያልፉበት የኢንተርኔት ጨዋታ ዞርኩ። በኤስኤስኤች (ከርቀት ወደ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስገባ መንገድ)፣ በፖርት 2220 ገብቼ የመጀመሪያውን የይለፍ ቃል ሪድሚ ከሚለው ፋይል ሳገኝ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። ደረጃ 12 ላይ ያለው ፋይል ደግሞ ተደጋግሞ የታመቀ ነው። ዓይነቱን እያየሁ አንዴ በጂዚፕ፣ አንዴ በታር በሚባሉ ትእዛዞች ስፈታው ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ፣ ግን ተሳካ።

አሁን የቸገረኝ ቀጣዩ እርምጃ ነው። ፍላጎቴ ሎግ (የሲስተም የእንቅስቃሴ መዝገብ) እያነበቡ ጥቃት የሚለዩበት የሶክ (የደህንነት መከታተያ ማዕከል) አናሊስት ሥራ ነው፤ ከሂሳብ መዝገብ ውስጥ ያልተለመደ ቁጥር መፈለግ ስለለመድኩ ይቀርበኛል ብዬ አምናለሁ። ሴኩሪቲ ፕላስ የሚባለውን የሰርተፍኬት ፈተና እንድፈተን የመከሩኝ አሉ፣ ክፍያው ግን ከ400 ዶላር በላይ ነው፤ በእኔ ደመወዝ የማይታሰብ ነው።

መጀመሪያ ኔትወርኪንግን በደንብ ልያዝ? ሰርተፍኬት የሌለው ሰውስ ለቀጣሪ ምን ሠርቶ ቢያሳይ ይታመናል? በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ከምን እንደጀመራችሁ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።